የእንግሊዝ ውሃ ቢል፦ ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው፣ እንዴት እንደሚነበብና የት ጋ እንደሚቀነስ

ኤፕሪል በገባ ቁጥር ስልኬ በቢል ፎቶ ይሞላል፣ "እስቲ ይሄን እይልኝ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተቆለለው" የሚል። የመብራትና የጋዙን ሁሉም ሰው ለምዶታል፣ ካምፓኒ መቀየሩንም ያውቅበታል፣ የውሃው ግን ፖስታው ሳይከፈት ነው መሳቢያ ውስጥ የሚገባው። በ2025 ኤፕሪል እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የአንድ ቤት አማካይ የዓመት ቢል በአንዴ 123 ፓውንድ ጨምሮ 603 ፓውንድ ሲገባ ብዙ ሰው ደንግጧል፣ እኔም ደንግጫለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በቮይስ ከማስረዳ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ቢላችሁን ከመሳቢያው አውጡና አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡት፣ ያለሱ ብዙም አይገባም።

መጀመሪያ ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው የሚለውን እንጨርስ። አገር ቤት ውሃና ፍሳሽ የመንግስት ነው። እዚህ እንግሊዝ ግን በ1989 የማርጋሬት ታቸር መንግስት የውሃ ድርጅቶቹን ለግል ሸጧቸዋል፣ መንገድ ስር ያለው ቧንቧ ራሱ የካምፓኒው ንብረት ነው። አንድ መንገድ ላይ ደሞ የተለያየ ካምፓኒ ቧንቧ ጎን ለጎን ስለማይቀበር ለቤት ውሃ ካምፓኒ መምረጥ የሚባል ነገር የለም፣ የምትኖሩበት ፖስትኮድ ነው የሚመርጥላችሁ። ተወዳዳሪ የሌለው ነጋዴ የፈለገውን ዋጋ እንዳይጠራ ኦፍዋት የሚባል ተቆጣጣሪ አብሮ ተቋቋመ። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ በየ5 ዓመቱ ካምፓኒዎቹ ይሄን ያህል ቧንቧ እንቀይራለን፣ ይሄን ያህል ማጣሪያ እንሠራለን፣ ለዚህ ይሄን ያህል ገንዘብ ያስፈልገናል ብለው ፕላን ያስገባሉ፣ ኦፍዋት ይመረምረውና ከደንበኛ መሰብሰብ የሚችሉትን ጣሪያ ያስቀምጥላቸዋል። የመጨረሻው ውሳኔ የወጣው ዲሴምበር 19 ቀን 2024 ነው፣ እስከ 2030 ድረስ የሚሠራ። 104 ቢሊየን ፓውንድ ወጪ ተፈቅዶላቸው አማካይ ቢል በ5 ዓመቱ ውስጥ 36 ፐርሰንት እንዲጨምር ተወሰነ፣ ያውም ኢንፍሌሽን (የዋጋ ንረት) ሳይጨመር ነው፣ ኢንፍሌሽኑ በየዓመቱ ኤፕሪል ለብቻው ይደረባል። አብዛኛው ጭማሪ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስለተጫነ ነው ያ ሁሉ ድንጋጤ የመጣው። አማካይ ሲባልም ሁሉም ጋ እኩል ነው ማለት አይደለም፣ ሳውዘርን ዋተር አካባቢ የሚኖር ሰው በዛ ኤፕሪል 47 ፐርሰንት ነው የጨመረበት።

ለዓመታት ፍሳሽ ወንዝና ባህር ውስጥ ሲለቀቅ ኖሮ አሁን ማስተካከያውን እኛ ከኪሳችን መክፈላችን እኔን በጣም ያናድደኛል፣ ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም። የውሃውን ዘርፍ እንዲመረምር የተቋቋመው፣ ሰር ጆን ከንሊፍ የመሩት ኮሚሽንም በ2025 ጁላይ ሪፖርቱን ሲያወጣ ኦፍዋት ፈርሶ በአንድ አዲስ ተቆጣጣሪ ይተካ ብሏል፣ መንግስትም ይሄን ተቀብሎ አፈርሰዋለሁ ብሏል። ግን የተቆጣጣሪው ስም ቢቀየርም ባይቀየርም እናንተ ስልክ ደውላችሁ የኪዩቢክ ሜትሩ ዋጋ ላይ 1 ፔኒ አታስቀንሱም። ማስቀነስ የምትችሉት የምትከፍሉበትን መንገድ ነው፣ ማለትም በቆጣሪ ነው ወይስ በግምት፣ የተነበበው ቁጥር እውነት ነው ወይ፣ የማይመለከታችሁ ነገር ተደምሮባችኋል ወይ፣ የሚገባችሁ ቅናሽ ቀርቶባችኋል ወይ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ስለዚህ ነው። (ስኮትላንድ ያላችሁ የውሃው ክፍያ ከካውንስል ታክሱ ጋር ነው የሚመጣው፣ ድርጅቱም የመንግስት ነው፣ ስለዚህ ይሄ ብዙው እናንተን አይመለከትም።)

በሉ ቢሉን ግለጡት። መጀመሪያ የምትፈልጉት "ሚተርድ" ወይም "አንሚተርድ" የሚል ቃል ነው። አንሚተርድ ከሆነ "ሬተብል ቫልዩ" የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ይሄ ምን መሰላችሁ፣ ቤቱ ድሮ ቢከራይ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ የተገመተ ዋጋ ነው፣ መነሻው የ1973 ግምት ነው፣ ከ1990 ወዲህም አልታደሰም። ስንት ሰው ቤቱ ውስጥ እንደሚኖርና ስንት ውሃ እንደሚፈስ ምንም አያገባውም። አንድ የማውቃቸው እናት አሉ፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተው 3 መኝታ ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ። ቡናቸውን ያፈላሉ፣ ቅዳሜ አንዴ ልብስ ያጥባሉ፣ በቃ። ቢላቸው ግን ጎረቤት ያለው 6 ሰው የሚኖርበት ቤት ከሚከፍለው ጋር እኩል ነበር። "እትዬ፣ ቆጣሪ እናስገባ" ስላቸው "ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ቆጣሪ ሲገባ ነው ሰው የሚበላው" አሉኝ፣ ስንት ጊዜ ለምኛቸው ነው እሺ ያሉት። አሁን የሚከፍሉት ከድሮው ግማሽ አይሞላም።

ቆጣሪው በነጻ ነው የሚገባው፣ መጠየቅ ደሞ በህግ የተሰጣችሁ መብት ነው። ተከራይ ብትሆኑም ኮንትራታችሁ 6 ወር ወይም ከዛ በላይ ከሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፣ የመኝታ ክፍሉ ቁጥር ከሰዉ ቁጥር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ቆጣሪ ያዋጣችኋል። በተቃራኒው 2 መኝታ ውስጥ ከ4 ልጅ ጋር የምትኖሩ ከሆነ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ሲሲደብሊው የሚባለው የውሃ ተጠቃሚዎች ተከራካሪ ድርጅት ዌብሳይት ላይ ያለውን ካልኩሌተር ሞክሩት። ብዙ ካምፓኒ ካስገባችሁ በኋላ ካላዋጣችሁ እስከ 2 ዓመት ድረስ ወደ ድሮው እንድትመለሱ ይፈቅዳል፣ ድሮውንም ቆጣሪ ያለበት ቤት ከገባችሁ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም። ለንደንና ደቡብ ምስራቅ አካባቢ ውሃ ስለሚያጥር ካምፓኒው ራሱ በግዴታ የሚያስገባበት ሰፈርም አለ። ፍላት ላይ ቧንቧው የጋራ ሆኖ ቆጣሪ አይገባም ከተባላችሁ ነገሩን እዛ ላይ አትተዉት፣ "አሰስድ ቻርጅ አድርጉልኝ" በሉ፣ ይሄ በቤቱ ስፋት ወይም በሰው ብዛት የሚታሰብ ነው፣ ብቻውን ለሚኖር ሰውም ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው ካምፓኒ ብዙ ነው። ይሄን ቃል ካልጠራችሁት ማንም አይነግራችሁም።

ሚተርድ የሆናችሁ ደሞ የምታዩት የንባቡን መስመር ነው። ጎኑ ላይ "ኢስቲሜትድ" ወይም "ኢ" የሚል ካለ ቆጣሪውን ማንም አላየውም፣ ገምተው ነው የላኩላችሁ። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በር ላይ የእግረኛ መንገዱ ላይ ትንሽ ክዳን ስር ነው፣ ፍላት ከሆነ ኪችን ሲንክ ስር ወይም ኮሪደር ቁም ሳጥን ውስጥ። ክዳኑን በወፍራም ስክሩድራይቨር አንሱት፣ ከስር ሌላ የፎም መሸፈኛ ይኖራል እሱንም አውጡት፣ ከዛ በስልካችሁ መብራት አይታችሁ ፎቶ አንሱት። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ኪዩቢክ ሜትር ናቸው፣ ቀዮቹ ከዛ በታች ያለው ሊትር ነው፣ የሚላከው ጥቁሩ ብቻ ነው። 1 ኪዩቢክ ሜትር 1000 ሊትር ማለት ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው በቀን ወደ 140 ሊትር ይጠቀማል ይባላል፣ ስለዚህ 4 ሰው ያለበት ቤት በወር 17 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ቢያወጣ ጤነኛ ነው፣ ከዛ በጣም ከራቀ የሆነ ነገር አለ።

እኔ ቤት ነበረ። ቢሉ ሁለት ጊዜ በግምት ሲመጣ ቆይቶ አንዴ ቆጣሪው ተነቦ ሲመጣ ደነገጥኩ፣ ካምፓኒው ተሳስቶ ነው ብዬ ተጨቃጨቅኩ። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቆጣሪውን አንብብና ጠዋት ማንም ሳይነሳ ድገመው አለኝ። ማታ 5 ሰዓት አነበብኩ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ደገምኩት፣ ማንም ቧንቧ ባልከፈተበት 7 ሰዓት ውስጥ 80 ሊትር ሄዷል። አስሉት፣ በቀን ወደ 270 ሊትር ነው፣ በወር 8 ኪዩቢክ ሜትር፣ ሁለት ተጨማሪ ሰው ቤቴ እየኖረ ነበር ማለት ነው። ወለል ላይ ጠብታ የለም፣ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ድምፅ እንኳን አይሰማም። ሽንት ቤቱ ነበር። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ከመተኛታችሁ በፊት የሽንት ቤቱን ሳህን ውስጡን ከኋላ በኩል በደንብ አድርቁና ደረቅ ሶፍት ለጥፉበት፣ ጠዋት ሶፍቱ ረጥቦ ወይም ተቀዶ ካገኛችሁት ታንኩ ውስጥ ያለው ጎማ ያሳልፋል ማለት ነው። የኔን ጎማ በትንሽ ገንዘብ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። ያለፈውን ግን ከፈልኩት፣ ምክንያቱም ካምፓኒዎች "ሊክ አላወንስ" ብለው ይቅር የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከቆጣሪው እስከ ቤቱ መሬት ስር የተቀበረው ቧንቧ ሲያፈስ ነው፣ እሱንም በቶሎ ካሠራችሁ አንዴ ነው። ለሽንት ቤትና ለቤት ውስጥ ቧንቧ ብዙ ጊዜ አይሰጡም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቢሉ ላይ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሉ፣ የገባው ንጹህ ውሃና የወጣው ፍሳሽ። ብዙ ሰው ውሃ ብቻ የሚከፍል ይመስለዋል፣ ፍሳሹ ግን ብዙ ቦታ ከውሃው ጋር ተቀራራቢ ነው። የፍሳሽ ቆጣሪ የሚባል ነገር ስለሌለ ከገባው ውሃ ውስጥ 90 ወይም 95 ፐርሰንት ያህሉ ተመልሶ ወጥቷል ብለው ነው የሚያስቡት። ለምሳሌ ብቻ ቁጥር ልስጣችሁ፣ 20 ኪዩቢክ ሜትር ተጠቅማችሁ ንጹሁ በ2 ፓውንድ ከ50 ቢታሰብ 50 ፓውንድ ይሆናል፣ ከ20ው 95 ፐርሰንቱ ማለትም 19ኙ በ2 ፓውንድ ፍሳሽ ሲታሰብ 38 ይሆናል፣ ከዛ በሁለቱም ላይ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም የማይቀር ስታንዲንግ ቻርጅ ይጨመራል። የናንተን ካምፓኒ ዋጋ ከቢሉ ጀርባ አውጥታችሁ በዚሁ መንገድ አባዙት፣ ካልገጠመ ደውሉ። ሰሜን ምዕራብ ለንደን አካባቢ ንጹሁ ከአፊኒቲ ፍሳሹ ከቴምስ የሚሆንበት ሰፈር አለ፣ ሁለት ቢል ቢመጣባችሁ ሁለት ጊዜ እያስከፈሉኝ ነው ብላችሁ አንዱን እንዳትጥሉት።

"ሰርፌስ ዋተር" የምትል ትንሽ መስመርም አለች፣ ጣሪያችሁ ላይ የወረደው ዝናብ በነሱ ቦይ ስለሚሄድ የሚከፈል ነው። የናንተ ዝናብ ጓሮ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ መሬት ውስጥ የሚሰርግ ከሆነና ወደ መንገዱ ቦይ የማይገባ ከሆነ ይሄን መክፈል የለባችሁም፣ ፎርም ሞልታችሁ ማስቀነስ ትችላላችሁ። ቤት የገዛችሁ ሰዎች የሰርቬይ ወረቀታችሁ ላይ "ሶክአዌይ" (ይሄው የዝናብ ጉድጓድ ማለት ነው) የሚል ካለ እዩት።

ቅናሹን በተመለከተ እባካችሁ አትፈሩ፣ ይሄ ልመና ሳይሆን በደንብ የተቀመጠ መብት ነው። ቆጣሪ ያላችሁ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም መሰል ቤኔፊት የምታገኙ፣ 3 ወይም ከዛ በላይ ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ቻይልድ ቤኔፊት የሚከፈልላቸው ልጆች አብረዋችሁ ካሉ፣ ወይም ቤት ውስጥ ብዙ ውሃ የሚያስፈልገው ህመም ያለበት ሰው ካለ "ዋተርሹር" ጠይቁ። የፈለገውን ያህል ውሃ ብትጠቀሙ ቢላችሁ ከካምፓኒው አማካይ ቢል አይበልጥም። ሀበሻ ቤተሰብ 3 ልጅ መቼም አያጣም፣ እና ይሄን ሳያውቅ ዓመታት የከፈለ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ከዚህ ውጭ ሁሉም ካምፓኒ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የራሱ "ሶሻል ታሪፍ" አለው፣ ስሙም መጠኑም ይለያያል፣ እስከ ግማሽ የሚቀንስ አለ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስትደውሉ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ያቀርባሉ። ደሞ አንድ ነገር እወቁ፣ ከ1999 ጀምሮ በህጉ መሠረት የመኖሪያ ቤት ውሃ በዕዳ ምክንያት አይቆረጥም። ያም ሆኖ ዕዳው አይጠፋም፣ ክሬዲታችሁን ያበላሻል ፍርድ ቤትም ሊሄድ ይችላል፣ ስለዚህ ሳይጠራቀም ደውላችሁ በትንሽ በትንሹ እንክፈል በሉ።

ቤት ሳይሆን አንድ ክፍል (ሩም) ለምትከራዩ ሰዎች ይሄን ሰምታችሁ አታውቁም ብዬ እገምታለሁ። ላንድሎርዱ የውሃውን ሂሳብ ራሱ እየከፈለ ከናንተ የሚሰበስብ ከሆነ ማትረፍ አይችልም። የ2006 የውሃ መልሶ ሽያጭ ትዕዛዝ የሚባል አለ፣ ካምፓኒው ያስከፈለውን ድርሻችሁን ብቻ ነው የሚቀበላችሁ፣ ለድካሙ የሚጨምረው ቆጣሪ ከሌለ በቀን 1 ፔኒ ተኩል፣ ቆጣሪ ካለ 3 ፔኒ ነው፣ ማለትም በዓመት ከ11 ፓውንድ አይበልጥም። እንዴት እንዳሰበው አሳየኝ ማለትም ትችላላችሁ። ይሄ ህግ ካውንስልንም ይይዛል፣ በ2016 ለንደን ውስጥ ሳውዝዋርክ ካውንስል ከአንድ ተከራዩ ጋር ሃይ ኮርት ቀርቦ ከሚገባው በላይ አስከፍሏል ተብሎ ተፈርዶበታል።

ወደ ቢዝነስ ስንመጣ ነገሩ ይቀየራል። እንግሊዝ ውስጥ ከ2017 ኤፕሪል ጀምሮ ሬስቶራንት፣ ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ ቤተክርስቲያን ሳይቀር የሚከፍልበትን ካምፓኒ መምረጥ ይችላል። ቧንቧውና ውሃው ግን ያው የአካባቢው ካምፓኒ ነው፣ እሱ ጅምላ ሻጭ ይሆናል፣ እናንተ የምትመርጡት ቆጣሪ የሚያነበውንና ቢል የሚልከውን ቸርቻሪ ነው። ከቢሉ አብዛኛው የጅምላው ዋጋ ስለሆነና እሱ ደሞ ለሁሉም ቸርቻሪ አንድ ስለሆነ፣ ስልክ ደውሎ "ቢልህን በግማሽ እቀንስልሃለሁ" የሚል ብሮከር ካጋጠማችሁ አትመኑት፣ ሊቀንስ የሚችለው ከጅምላው በላይ ያለችውን ትንሿን የቸርቻሪውን ድርሻ ነው። ኮንትራት ፈርማችሁ የማታውቁ ትንንሽ ነጋዴዎች ኦፍዋት ያስቀመጠው የዋጋ ጣሪያ ይጠብቃችኋል፣ ስለዚህ የምትፈርሙት አዲስ ኮንትራት ከዛ እንደሚሻል በቁጥር ሳያሳዩዋችሁ እንዳትፈርሙ። ከቤት የሚለየው ትልቁ ነገር ደሞ ለቢዝነስ ካልከፈላችሁ ውሃ ይቆረጣል።

እንጀራ ለሱቆች የሚያከፋፍል ልጅ አለ፣ ከሱ ጋር አንድ ቀን ቢሉን ዘርግተን ቁጭ አልን። ፍሳሹ 95 ፐርሰንት ታስቦበታል። እኔም "አንተ ይሄ ሁሉ ውሃ ሊጥ ውስጥ አይደል እንዴ የሚገባው" አልኩት። እውነትም ያቦካዋል፣ አብሲት ይጥልበታል፣ ምጣድ ላይ ሲጥደው ግማሹ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው እንጀራው ውስጥ ሆኖ በላስቲክ ታሽጎ ይሄዳል፣ ቦይ የሚገባው እቃ የታጠበበት ብቻ ነው። እንደዚህ ውሃው ምርቱ ውስጥ የሚቀር ከሆነ "ሪተርን ቱ ሱወር" የሚባለው፣ ማለትም ወደ ቦይ ተመልሷል ተብሎ የሚታሰበው ፐርሰንት እንዲቀነስ መጠየቅ ይቻላል። ስንት ኪሎ ዱቄት በስንት ሊትር ውሃ እንደሚያቦካ ለወራት በደብተር እየጻፈ ማስረጃ አቀረበ፣ ቀነሱለት። ዳቦ ቤት፣ ጠጅ የምትጥሉ፣ በረዶ የምትሸጡ ሁላችሁም ይሄን እዩት። ቫቱንም እዩ፣ ለቤትና ለሬስቶራንት ውሃ ቫቱ ዜሮ ነው፣ ዋና ሥራችሁ ማምረት ከሆነ ግን ውሃው ላይ 20 ፐርሰንት ይጨመራል፣ ስለዚህ ሬስቶራንት ሆናችሁ ቫት ካያችሁ በስህተት ነው የተመደባችሁት። የልብስ ማጠቢያና የመኪና እጥበት ያላችሁ ደሞ ፍሳሻችሁ "ትሬድ ኤፍሉወንት" ስለሚባል ሳትጀምሩ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቅሬታ ሲኖራችሁ በስልክ ብቻ አትተዉት፣ በጽሑፍ አስገቡ፣ ለጽሑፍ ቅሬታ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡ ካሳ መክፈል አለባቸው። በቀጠሮ ካልመጡ፣ ውሃ አቋርጠው በሰዓቱ ካልመለሱም እንደዛው። በ2025 ጁላይ እነዚህ የካሳ ክፍያዎች በእጥፍና ከዛ በላይ ጨምረዋል፣ ፍሳሽ ቤታችሁ ውስጥ ከገባ እስከ 2000 ፓውንድ ድረስ ይሄዳል። ካምፓኒው እንቢ ካለ ወደ ሲሲደብሊው ሂዱ፣ ነጻ ነው፣ ለቤትም ለቢዝነስም ይከራከራሉ።

ቤት ወይም ሱቅ ስትገቡ ቁልፉን በተቀበላችሁበት ቀን፣ ሻንጣ ሳታስገቡ፣ ሄዳችሁ ቆጣሪውን ቀኑ በሚታይ ፎቶ አንሱትና በዛው ቀን ለካምፓኒው ላኩ። ስትለቁም እንደዛው። በተለይ ሱቅ የምትረከቡ ሰዎች፣ ቢል ስላልመጣ ውሃው በኪራዩ ውስጥ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ቸርቻሪው ማን እንደሆነ ላንድሎርዱን ጠይቁና በስማችሁ አስመዝግቡት።